ዘር የሚመረጠው በማሳ ላይ እንጂ በአውድማ አይደለም

የአዝመራው ወራት ደርሶ እህሉ በአውድማ ላይ በተከመረ ጊዜ ገበሬው ሦስት ነገሮችን ባንድነት ማሰብ ይኖርበታል። አንደኛው የቤተ ሰቡ ቀለብ ነው፤ ሁለተኛው ለግብርና ለልብስ መግዣ እንዲሆን ወደ ገበያ የሚወጣው ነው፤ ሦስተኛው ለመጪው ዓመት የሚቀመጠው ዘር ነው። ቀለቡን ሆድ፣ ሽያጩን ዕዳ ስለሚጠይቁት ሁለቱ ቀድመው ይታሰባሉ፤ ዘር ግን አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የመጨረሻው ተራ ነው። መልካሙና የጠራው እህል ዋጋ ያወጣልና ወደ ገበያ ይሄዳል፤ መካከለኛው ይበላል፤ ከጎተራው ሥር የቀረው፣ የተሰባበረውና ነቀዝ የጎበኘው ደግሞ ዘር ተብሎ ይቀመጣል። ይህ ልማድ የመጣው ከችግር እንጂ ካለማስተዋል ብቻ አይደለም። ዳሩ ግን ምክንያቱ ምንም ቢሆን፣ ገበሬው በየዓመቱ ከእህሉ ሁሉ ደካማውን እየለየ ለመሬቱ ይሰጣል ማለት ነው።

አንዳንድ ጠንቃቆች ደግሞ ከአውድማው ላይ ትልልቁንና ወፍራሙን ፍሬ አበጥረው ለዘር ያስቀምጣሉ። ይህ ከፊተኛው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ገና አይበቃም። ፍሬው ከዘለላው ተለይቶ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በየትኛው አገዳ ላይ እንዳደገ፣ አገዳው ድርቁን እንዴት እንደ ቻለ፣ በሽታ ነክቶት እንደ ሆነ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ ዘር መመረጥ ያለበት እህሉ ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ በማሳው ላይ ነው። ይህም ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት፣ አዝርዕት እንዴት እንደሚያድጉና እንዴት እንደሚራቡ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዘር ምንድን ነው?

አንዲት የስንዴ ፍሬ በጥርስ ለሁለት ብትከፈል በውስጧ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። በስተውጭ ልብሷ የሆነው ልጣጭ አለ፤ ከውስጥ ነጭ ዱቄት የሚሆነው ስንቅ አለ፤ በአንድ ጫፏ ደግሞ ትንሿ ጽንስ ትገኛለች። ይህች ጽንስ ሥርና ቡቃያ ለመሆን የተዘጋጀች ሕይወት ያላት ተክል ናት። ዱቄቱም ጽንሷ ከመሬት ወጥታ በቅጠሏ የፀሓይን ብርሃን እየተቀበለች ምግቧን ራሷ እስክትሠራ ድረስ የምትመገበው ነው። እኛ እንጀራና ዳቦ የምንለው እንግዲህ ለሕፃኗ ተክል የተዘጋጀው ስንቅ ነው።

ዘር ለመብቀል ውኃ፣ አየርና ተስማሚ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ብቅል የሚያበቅሉ እናቶቻችን ናቸው። ገብሱን በውኃ ይዘፈዝፉታል፤ ውኃውን አጥልለው አየር እንዲያገኝ ያደርጉታል፤ በቅጠል ሸፍነው ሙቀት ይሰጡታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥሩ ብቅ ይላል፤ የተቀመሰ እንደ ሆነም ይጣፍጣል። ጣፋጭ የሚሆንበት ምክንያት ጽንሷ በነቃች ጊዜ ስንቁ ወደ ስኳር እየተለወጠ ስለሚመግባት ነው። ውኃው ሳይጠልል ቢቀር ግን ዘሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ የተዘራ እህል ሳይበቅል የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የስንቁ ብዛትና ማነስ የአዘራሩን ጥልቀት ይወስናል። አንድ ግራም ጤፍ 3,000 ያህል ፍሬ ሲይዝ፣ አንድ ግራም ስንዴ የሚይዘው 25 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ስንዴ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል በአፈር ቢሸፈን በስንቁ ኀይል ገፍቶ ይወጣል፤ ጤፍ ግን በዚያ ጥልቀት ቢቀበር ስንቁ በመንገድ ላይ ያልቅበታል። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ የሚታረሰውና የሚለሰልሰው፣ ዘሩም በመሬቱ ፊት ላይ የሚበተነው ለዚህ ነው። አባቶቻችን ይህን ያወቁት በመጽሐፍ ሳይሆን በማሳቸው ላይ ነው።

የአበባ ሥራ

አበባ የተክል ጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነተኛው ሥራው ግን ዘር መውለድ ነው። በአበባ ውስጥ ወንዴውና ሴቴው ክፍል ይገኛሉ። ወንዴው ክፍል እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያወጣል። ብናኙ በሴቴው ክፍል ጫፍ ላይ ባረፈ ጊዜ ከዐይን የተሰወረ ቀጭን ቧንቧ እያበቀለ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚያም ከዕንቁላሉ ጋር ይዋሐዳል። ከዚህ ውሕደት ጽንሷ ትገኛለች፤ በዙሪያዋም ስንቋ ይዘጋጃል። ስለዚህ እያንዳንዷ ፍሬ እናትና አባት አላት፤ ጠባይዋንም የምትወርሰው ከሁለቱ ነው።

ለገበሬው ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ የዚህች ፍሬ አባት ማን ነው? እናቲቱን በዐይን ማየት ይቻላል፤ ፍሬዋን የተሸከመችው እርሷ ናትና። አባቱ ግን በአንዳንዱ እህል ያው እናቲቱ ራሷ ስትሆን፣ በሌላው እህል ከጎረቤት ማሳ በነፋስ ወይም በንብ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የዘር አመራረጥም እንደዚሁ ይለያያል።

ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ አዝርዕት

ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ሽንብራ፣ ምስር፣ አተርና ተልባ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ናቸው። ይኸውም የአንዱ አበባ ብናኝ ከዚያው አበባ ሳይወጣ በሴቴው ክፍል ላይ ያርፋል ማለት ነው። የገብስ አበባማ ብዙ ጊዜ ራሱ ከቅጠሉ ሽፋን ፈጽሞ ሳይወጣ ሥራውን ይጨርሳል።

ለዚህ መልካም ምስክር የሚሆነን በኤርትራ ደጋ፣ በሐማሴን፣ በሰራዬና በአከለ ጉዛይ፣ እንዲሁም በትግራይ የታወቀው ሐንፈጽ ነው። ሐንፈጽ ማለት ስንዴና ገብስ ባንድ ማሳ ተቀላቅለው የሚዘሩበት፣ ባንድነት የሚታጨዱበትና ባንድነት የሚፈጩበት አሠራር ነው። ዝናሙ ቀድሞ ቢቋረጥ ቶሎ የሚደርሰው ገብስ ገበሬውን ያድነዋል፤ ዝናሙ ቢበረክት ስንዴው ይበልጥ ያፈራል። እነዚህ ሁለት አዝርዕት ከአባቶች ዘመን ጀምሮ ጎን ለጎን ኖረው ሳለ፣ ስንዴው ስንዴ፣ ገብሱም ገብስ ሆኖ ቀርቷል። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ የተለያየ ወገን ስለ ሆኑ እንኳን በማሳ በሰው እጅም በቀላሉ አይዳቀሉም። ነገር ግን በሐንፈጽ ውስጥ ያሉት የተለያዩ የገብስ ዓይነቶችም እርስ በርሳቸው ሳይደበላለቁ ይኖራሉ፤ ይህም እያንዳንዱ አበባውን ዘግቶ ስለሚያፈራ ነው። ከዓመት ወደ ዓመት የሚለወጠው የእያንዳንዱ ብዛት ብቻ ነው፤ ዘመኑ የተስማማው ይበዛል፣ ያልተስማማው ያንሳል።

ሠርገኛ ጤፍንም የተመለከትን እንደ ሆነ ይህንኑ እናገኛለን። ሠርገኛ ነጩና ቀዩ ጤፍ የተቀላቀሉበት ነው። ቅልቅሉ ለብዙ ዓመት ቢዘራ ነጩና ቀዩ ተዋሕደው ሐምራዊ አይሆኑም፤ እየራሳቸው ሆነው ይበቅላሉ።

ጤፍ አበባውን እንዲህ አጥብቆ ስለሚጠብቅ፣ ሁለት ዓይነት ጤፍ በሰው እጅ ማዳቀል ለብዙ ዘመን የማይቻል መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ የሚከፈተው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን ካስተዋሉ በኋላ ግን በሩ ተከፈተ። ተመራማሪዎች በዚያች የማለዳ ሰዓት በማጉያ መነጽር እየተረዱ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ለማድረስ ቻሉ። ከዚህ ሥራ ከተገኙት ውስጥ ስመ ጥሩው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ነው። ቁንጮ ምርት በመስጠት የታወቀ አንድ ጤፍና እጅግ ነጭ የሆነ ሌላ ጤፍ ተዳቅለው የተወለደ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ለገበሬዎች የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የአበባን ጠባይ ማወቅ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ ገበሬው የሚወስደው ትምህርት ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ የእነዚህ አዝርዕት ልጅ እናቱን ትመስላለች። ከማሳው መካከል አንድ ጥሩ የስንዴ ዛላ መርጦ ዘሩን ለብቻው ያበዛ ሰው፣ ያችኑ ዛላ የሚመስል ስንዴ ያገኛል። የጎረቤት ማሳ በአበባ በኩል ብዙ አያሰጋውም፤ ቅልቅል የሚመጣበት በአውድማ፣ በጆንያና ከሰው በተበደረው ዘር በኩል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ግን ጥንቃቄን የሚያዝዝ ነው። ማሳውን ሁሉ ከአንዲት ዛላ በተገኘ ዘር ብቻ መሙላት አይገባም። ያገራችን ገበሬ ገብስ ሲዘራ የሚዘራው አንድ ዓይነት ሳይሆን የብዙ ዓይነት ቅልቅል ነው፤ አንዱን በሽታ ቢጥለው ሌላው ይቆማል። ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያንና ኤርትራን ተዘዋውሮ የጎበኘው ይህን የስንዴና የገብስ ልዩ ልዩነት ለማየትና ለመሰብሰብ ነበር። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የገብስን ቅጠል እያቢጫ ተክሉን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ባስቸገረ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋም ጠባይ የተገኘው ከኢትዮጵያ በሄደ ገብስ ውስጥ ነው። ያን ገብስ በዘር ብዛት መካከል ጠብቆ ያቆየው ስሙ ያልተጻፈለት ገበሬ ነው። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1976 የአዝርዕት ዘር የሚጠበቅበት ማእከል የተቋቋመው ይህ ሀብት እንዳይጠፋ ነው።

በነፋስና በንብ የሚዳቀሉ አዝርዕት

በቆሎ ግን ከላይ ከተጠቀሱት ሁሉ የተለየ ነው። ወንዴው አበባ በአገዳው ራስ ላይ ይወጣል፤ ሴቴው ግን ከመካከሉ፣ በቅጠሎች ተሸፍኖ ፀጉር የሚያወጣው ክፍል ነው። ያ ፀጉር ያለ ሥራ የተፈጠረ አይደለም። እያንዳንዱ ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ አንድ ክር ብናኝ ካላገኘ አንድ ፍሬ ይጐድላል። ጥርሱ እንደ ወለቀ ሽማግሌ እዚህና እዚያ የተራቆተ የበቆሎ እሸት ያየ ሰው፣ ብናኙ ያልደረሰላቸው ክሮች እንደ ነበሩ ይወቅ። ይህም በተለይ የሚደርሰው በአበባው ጊዜ ድርቅ ሲሆን ነው፤ ድርቅ ፀጉሩን ስለሚያዘገየው፣ ፀጉሩ ሲወጣ ብናኙ አልቆ ይገኛል። ስለዚህ መስኖ ያለው ሰው ውኃው ጥቂት ቢሆን እንኳ ለዚያ ሳምንት ያቆየው።

የበቆሎ ብናኝ በነፋስ ስለሚጓዝ የአንዱ እሸት ፍሬዎች እናታቸው አንድ ስትሆን አባቶቻቸው ብዙ ናቸው። ነጭ በቆሎ የዘራ ሰው፣ አጠገቡ ቢጫ በቆሎ ካለ፣ በዚያው ዓመት በነጩ እሸት ላይ ቢጫ ፍሬዎች ተበትነው ያገኛል። የፍሬዋ ስንቅ ከአባቲቱም ወገን ስለሚካፈል፣ አባትየው ወዲያው በቀለሙ ይታወቃል። ቀለማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ዓይነት በቆሎዎች ሲዳቀሉ ግን በዐይን የሚታይ ምልክት የለም።

ስለዚህ የበቆሎ ዘር የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፣ ከሌላ ዓይነት በቆሎ 200 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ይህ ባይቻለው ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ አንድ ዓይነት ይዝሩ፣ ወይም አበባቸው እንዳይገጥም በተለያየ ሳምንት ይዝሩ። ሁለተኛ፣ ዘሩን ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመካከሉ ይውሰድ። ሦስተኛ፣ ከጥቂት እሸት ሳይሆን ቢያንስ ከ100 አገዳ ይምረጥ፤ በቆሎ ከጥቂት ዘመዶቹ ጋር ብቻ ሲዳቀል ከትውልድ ወደ ትውልድ እየደከመ ይሄዳልና።

ድቅል በቆሎን በሚመለከት ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 እንደ ተለቀቀው ቢኤች 660 ያሉት ድቅል ዓይነቶች፣ ተለይተው የተዘጋጁ ወላጆች በየጊዜው እየተዳቀሉ የሚገኙ ናቸው። የፊተኛው ትውልድ ጉልበት እጅግ ብርቱ ነው። ከአዝመራው ዘር ተይዞ በሁለተኛው ዓመት የተዘራ እንደ ሆነ ግን ቁመቱ ይለያያል፣ ምርቱም በጉልህ ይቀንሳል። ይህ ሲሆን ገበሬው ነጋዴው ያታለለው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የውሕደቱ ጠባይ ነው። ድቅል የሚዘራ ሰው በየዓመቱ ዘር የሚገዛበትን ገንዘብ አስቀድሞ ያስብ፤ ይህን የማይችል ደግሞ ድቅል ያልሆነውን የተሻሻለ በቆሎ ቢዘራና በራሱ እጅ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ኑግ ደግሞ የንብ ወዳጅ ነው። የኑግ ተክል በራሱ ብናኝ ማፍራት ስለማይሆንለት፣ ለብቻው የበቀለ ኑግ አበባው ያማረ ቢሆንም ፍሬው ከቁጥር አይገባም። ባቄላም ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ከፍሬው ከፊሉ ንብ ከሌላ ተክል ባመጣችው ብናኝ የሚያዝ ነው። ስለዚህ በኑግና በባቄላ ማሳ አጠገብ ቀፎ ማኖር ለማሩ ብቻ ሳይሆን ለእህሉም ጥቅም አለው። አበባ በፈነዳበት ወራት በጠራራ ፀሓይ የተባይ መድኀኒት የሚረጭ ሰውም የራሱን አዳቃዮች መግደሉን ይወቅ።

በመካከል ያለው ማሽላ

የቆላው ሰው ሕይወት የሆነው ማሽላ በሁለቱ መካከል ይገኛል። አብዛኛው ፍሬ በራሱ አበባ ይያዛል፤ ሆኖም ከ100 ፍሬ ውስጥ ከ5 እስከ 15 የሚሆነው ከሌላ አገዳ በመጣ ብናኝ ሊያዝ ይችላል። ዘለላው ልቅ የሆነው ማሽላ ይበልጥ፣ ጭምቁ ደግሞ ባነሰ ይዳቀላል። በማሳው ዳር የሚበቅለው የዱር ማሽላም የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ ከተዘራው ጋር ይዳቀላል፤ ልጆቹም ፍሬያቸውን ከመታጨዳቸው በፊት የሚያራግፉ ይሆናሉ። ስለዚህ የዱሩን ማሽላ ሳያብብ መንቀልና ለዘር የሚሆነውን ዘለላ ከማሳው መካከል መውሰድ ያስፈልጋል።

ያለ ፍሬ የሚራቡ ተክሎች

ከእነዚህ ሌላ፣ ሰው በፍሬያቸው ሳይሆን በአካላቸው ቈራጭ የሚያራባቸው ተክሎች አሉ። ድንች ከራሱ ከድንቹ ዐይን ይበቅላል፤ በለስ ቅጠሉ የሚመስለው አካሉ ተቈርጦ ቢተከል ሥር ይሰድዳል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የብዙ ሕዝብ ምግብ የሆነው እንሰትም ከሥሩ ግንድ ብዙ ቡቃያ እንዲያወጣ ይደረጋል። እንዲህ የተገኘው ተክል አባት የለውም፤ የእናቱ አካል ቍራጭ ነውና ጠባይዋን ሁሉ ይወርሳል።

ነገር ግን በሽታዋንም አብሮ ይወርሳል። ብዙ ሰው ትልልቁን ድንች ሸጦ ትንንሹን ለዘር ያስቀራል። ድንቹ ትንሽ የሆነው ምናልባት ቫይረስ ያዳከመው ተክል ስለ ወለደው ይሆናል፤ እንግዲያውስ በየዓመቱ በሽተኛውን እየመረጠ ይተክላል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ድንቹ ገና አረንጓዴ ሳለ በማሳው ውስጥ እየተመላለሱ፣ ቅጠላቸው ያልተጨማደደና ያልቀጨጨ ጤናማ ተክሎችን በእንጨት ምልክት ማድረግ፣ በቈፈራም ጊዜ የእነዚያን ድንች ለብቻ ማኖር ነው። ጤናማው ተክል የሰጠው ትንሽ ድንች መልካም ዘር ነው፤ በሽተኛው የሰጠው ግን አይደለም። ሁለቱን ከተቈፈሩ በኋላ ለመለየት የሚችል ዐይን የለም።

አውድማው የማይናገረው ምስጢር

ይህ የድንቹ ነገር በእህልም ላይ እውነት ነው። የገብስና የስንዴ ዛላ እንደ ጥላሸት ጠቍሮ፣ ዱቄቱ በነፋስ ተጠርጎ፣ ባዶ እንጨት ብቻ የሚቀርበት በሽታ አለ። ያ ጥቁር ዱቄት በአበባው ጊዜ ወደ ጤነኞቹ ዛላዎች ተበትኖ ወደ ፍሬያቸው ይገባል፤ በጽንሷም ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ፍሬዋ ወፍራምና ያማረች ትሆናለች፤ በአውድማ ላይ የሚያያት ሁሉ ያመሰግናታል። በመጪው ዓመት ግን ጥላሸት ሆና ትወጣለች። በሽታው ከውስጥ ስለ ሆነ በመታጠብ አይለቅም። ማሳውን በአበባው ወራት ያየ ሰው ብቻ ነው፣ የትኛው ስፍራ ንጹሕ እንደ ነበረ የሚያውቀው።

እንደዚሁም በቤት አጠገብ ፍግ በጠገበ መሬት ላይ የበቀለ አገዳ ትልቅ ዘለላ ቢይዝ የመሬቱ ምስጋና እንጂ የዘሩ አይደለም። ከጎረቤቶቹ ጋር ባንድ መሬት፣ ባንድ ዝናም አድጎ ከእነርሱ የበለጠው ግን ብልጫውን ከዘሩ ያገኘው ስለሚሆን፣ ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል።

ስለዚህ ከአጨዳ በፊት የሚፈጸመው ሥራ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ እህሉ ባበበ ጊዜ ማሳውን ዞሮ ጥላሸት የያዘውን ዛላ ብናኙ ሳይበተን በከረጢት እየሸፈኑ ቈርጦ ማቃጠል። ቀጥሎ፣ መሬቱ ከሌላው ያልተለየ፣ በሽታ ያልታየበትና እህሉ የተስተካከለበት ስፍራ መርጦ ለዘር መከለል፤ ከዚያም ሲናሩን፣ እንክርዳዱንና እንግዳውን እህል መንቀል። በቆሎና ማሽላ የዘራ ሰው ደግሞ በሽታ የሌለባቸውን፣ ያልወደቁትንና በወቅቱ የደረሱትን አገዳዎች በክር ይሰር። ፍሬያቸው መድረሱም ይታወቃል፤ ከእናቱ ጋር በተያያዘበት ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲታይ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ነገር የለም። በመጨረሻም የተመረጠው ከሌላው አስቀድሞ ይታጨድ፤ ተጠርጎ በጸዳ አውድማ ላይ ለብቻው ይወቃ፤ ምልክት ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

ዘሩን ማድረቅ፣ ማስቀመጥና መፈተን

ዘር በጎተራ ውስጥ ሳለ ሙት አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ሕያው ነገር ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲበዛ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ስንቁ ያልቃል፣ ሻጋታና ነቀዝም ይነግሥበታል። በመጠኑ ከደረቀ ዘር ላይ ከእርጥበቱ ከመቶ አንድ እጅ ቢቀነስለት ዕድሜው እጥፍ ያህል እንደሚሆን በሳይንስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዘሩ በሰሌን ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ፣ ሌሊት ከጤዛ እየተጠበቀ ይድረቅ።

መድረቁን ለመፈተን ዋጋ የማያስወጣ ዘዴ አለ። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት የዘር ፍሬና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ፣ አፉን ከድኖ መናጥና ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ዘሩ ገና እርጥብ ነው፤ ካልተጣበቀ ለመቀመጥ በቅቷል። ከዚህ በኋላ አየርና ነቀዝ በማያስገባ ዕቃ፣ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ፣ መሬት ሳይነካ ይቀመጥ። ለበቆሎ ከምድጃ በላይ መስቀል የቆየና ነቀዝን የሚከላከል ልማድ ነው፤ እሳቱ ግን ዘሩን እስኪያግል መቅረብ የለበትም። መድኀኒት የተቀባ ዘር ከሆነ ደግሞ ታጥቦም ቢሆን ለሰውም ለከብትም ምግብ ሊሆን አይገባም፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ።

የመዝሪያው ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ከጎተራው ከላይም ከመካከልም ከሥርም 100 ፍሬ ሳይመርጡ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጨርቁም እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። በሰባተኛው ቀን ጥሩ ሥርና ቡቃያ ያወጡት ይቈጠሩ። 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ዘሩ መልካም ነው። 70 ያህል ከሆኑ የዘሩን መጠን በዚያው ልክ መጨመር ያስፈልጋል። ከግማሽ በታች ከሆኑ ግን ጊዜ ሳያልፍ ሌላ ዘር መፈለግ ነው። በጨርቅ ላይ 100 ፍሬ ቢጠፋ የሚያስቈጭ አይደለም፤ ዝናሙ ካለፈ በኋላ ማሳው ባዶ መሆኑን ማወቅ ግን የዓመት ረኀብ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ አዲስ ገንዘብ፣ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በአበባ ጊዜና ከአጨዳ በፊት ሁለት ሦስት ቀን በማሳ ውስጥ እየተመላለሱ ማስተዋልን፣ ከዚያም የተመረጠውን ዘር ከቀለቡና ከሽያጩ አስቀድሞ መለየትን ነው። በክረምት ወራት ቀለብ አልቆ ልጆች ሲራቡ የዘሩን ጆንያ አለመፍታት እንዴት ከባድ እንደ ሆነ ያላየው የለም። ስለዚህ ዘሩ ከአንድ ቤት ይልቅ የብዙ ቤቶች ኀላፊነት ቢሆን ይበጃል። የአንድ መንደር ገበሬዎች ተስማምተው ከየማሳቸው የመረጡትን ዘር በአንድ የጋራ ጎተራ ቢያኖሩ፣ ቍልፉንም በሽማግሌዎቻቸው እጅ ቢያስቀምጡ፣ አንዱ በቸገረው ጊዜ ሌላው ቀለብ ያበድረዋል እንጂ ዘር አይበላም። ይህን ለመጀመር የሚፈልግ መንደር በዚህ አዝመራ አጨዳው ሳይጀመር ይመካከር፤ ከማሳቸውም ለዘር የሚከለለውን ስፍራ እህሉ ቆሞ ሳለ ይለዩ።